የታመመው ቴርሞሜትር

«የዚህ ተራራ ሰው ሁሉ ይመስክር! እኔ ሁለት ጣቴን አጥልቄ ካወጣሁ፣ ፓኔላው ራሱ ‹ደርሻለሁ፣ አውጪኝ› ይለኛል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም!»

ዴርሊ ይህን የምታውጀው ፓኔላ የሚባለው የአገዳ ስኳር ከሚፈላበት የመጨረሻው ጎላ አጠገብ ቆማ፣ ረጅሙን ጭልፋ እንደ ጳጳስ በትር ተደግፋ ነበር። ከታች ከምድጃው አፍ ላይ የደረቀ የአገዳ ልጣጭ የሚማግዱት ሽማግሌው ኔፍታሊ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

«ባለፈው ሳምንት ያወጣሽውስ? በቅሎዬ ከነከሰችው ወዲህ በአንድ ወገን ብቻ ነው የምታኝከው።»

«እሱ የአገዳው ጥፋት ነው! አገዳው አርጅቶ ነበር።»

«ከሱ በፊት የነበረውስ? በማንኪያ ነው እኮ የበላነው።»

«እሱ ደግሞ ጨረቃዋ ናት። ጨረቃ ስትጎድል ስኳር እንደማይረጋ አያውቁም አባባ? ይሄን ሁሉ ዕድሜ ኖረው?»

«አውቃለሁ ልጄ። አገዳው ይሳሳታል፣ ጨረቃዋ ትሳሳታለች፣ ካንቺ ጣት በቀር ሁሉም ይሳሳታል» አሉና ልጣጫቸውን ወደ እሳቱ ገፉ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የዴርሊ ጣት መጥፎ ጣት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት፣ ሆዷ ሞልቶ ልቧ ረግቶ ሲገኝ፣ ልክ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ጣቷ በሙቀት ይደነዝዛል፣ የማቀዝቀዣው ውሃም ለብ ይላል፤ አንዱን ጎላ ጥሬውን ታወጣና ሌላውን ታሳርረዋለች። ሰው ያናደዳት ቀን ደግሞ አይጣል ነው።

በአሮጊቷ በዶኛ ኤርሜሊንዳ መጭመቂያ ቤት የአገዳው ጭማቂ ከጎላ ወደ ጎላ እየተገለበጠ፣ አረፋው እየተገፈፈ፣ እየወፈረ ይሄድና የመጨረሻው ጎላ ላይ ሲደርስ እንደ ማር ይንፈቀፈቃል። እዚያ የምትቆመው ሴት ልኩን ማወቅ አለባት። ቶሎ ካወጣችው ፓኔላው አይረጋም፤ ከዘገየች አርሮ ይመራል። በዚያ ተራራ ልኩ የሚታወቀው በጣት ነው። ጣትን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከሚፈላው ላይ ላፍ አድርጎ፣ መልሶ ውሃ ውስጥ መክተት። ጣት ላይ የቀረው ስኳር ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ቀጭ ካለ ደርሷል ማለት ነው። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረው የጣታቸው ቆዳ እንደ በቅሎ ኮቴ ጠንክሯል። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ጭልፋውን ለሌላ ሰው ሊያስረክቡ ነው።

ያ ጭልፋ ደግሞ እንዲሁ ጭልፋ አይደለም። እሱን የያዘች ሴት «እሳቱን ቀንሱ» ካለች ይቀነሳል። ምሳ ሲቀርብ የዶሮው እግር የሷ ነው። ዴርሊ አራተኛ ክፍልን ጨርሳ ትምህርት ቤቱን ደህና ሰንብት ካለችው ቀን ጀምሮ ያቺን ቦታ ስታልም ኖራለች። የዶኛ ኤርሜሊንዳ የክርስትና ልጅ ናት፣ «ማድሪና» እያለች ነው የምትጠራቸው፤ ተፎካካሪም አልነበራትም።

ዩራኒስ እስክትመጣ ድረስ።

ዩራኒስ የዶኛ ኤርሜሊንዳ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። የመጣችው ከታች ከባሕሩ ጠረፍ፣ ሰው በጥላ ሥር እንኳ ከሚያልብበት አገር ነው። እናቷም በሕይወት ሳለች የኮኮናት ጣፋጭ እያፈላች ትሸጥ ነበርና ልጅቷ የስኳር ነገር አዲስ አልሆነባትም። አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ከሻንጣው ውስጥም በፎጣ የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል ቴርሞሜትር አወጣች። ዶኛ ኤርሜሊንዳ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና «እስኪ ሞክሪበት» አሏት። በቃ። ዴርሊ ጭልፋውን አንድ ቀን ለመያዝ ስንት ዓመት ውሃ ቀድታለች፤ ለዚህች ግን «እስኪ ሞክሪበት»!

ዴርሊ ቆሽቷ አረረ። መጀመሪያ የጠላችው የልጅቷን አንገት ነው። እንዲህ የረዘመ አንገት ለሰው ምን ይሠራለታል? ቀጥሎ ዝምታዋን ጠላችው፤ ሰው ሲሰድባት እንኳ «እ» ብላ ታልፋለች። እንደ ፓኔላዋ ያንገበገባት ግን የለም። የዩራኒስ ፓኔላ ዛሬም ትናንትም፣ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ነው፤ ቀለሙ፣ ጥንካሬው፣ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር። ገዢዎቹ «መንትዮቹን ስጡን» ማለት ጀመሩ። የዴርሊዎቹ ግን የአንድ ሰፈር ልጆች ይመስላሉ፤ ሁሉም በየመልኩ፣ ሁሉም በየጠባዩ።

ፓኔላውን በእንጨት ቅርጽ ውስጥ የሚያፈሰው ኤቤርም ተለወጠባት። ኤቤር ጥርሱ ፍንጭት፣ ሳቁ ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ዴርሊ እሱን ወድጄዋለሁ ብላ ለማንም አልተናገረችም፣ ሰው ሁሉ ግን ያውቃል።

«ስማ ኤቤር፣ ያቺን ምን ቤት ናት ብለህ ነው ‹ይበቃል ወይ?› እያልክ የምትጠይቃት?»

«ጎላው ላይ ያለችው እሷ ናታ።»

«እኔ ጎላው ላይ ስሆን አትጠይቀኝም!»

«አንቺማ ሳልጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ» አለና ፍንጭቱን አሳያት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ዴርሊ ሥራዋ ዩራኒስን መሰለል ሆነ። አንድ ነገር ቶሎ አየች። ልጅቷ ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ትንሽ ድስት ውሃ ታፈላና ቴርሞሜትሩን ውስጡ ታንጠለጥለዋለች። ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ አውጥታ ትወለውለዋለች።

«ምን እያደረግሽው ነው? እያጠብሽው ነው ወይስ እየጸለይሽለት?»

«እ» አለች ዩራኒስ።

«ብረት የምታጥብ! እኛ እዚህ ልጆቻችንን እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምናጥበው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ዶኛ ኤርሜሊንዳ «በስንት ነው የምታወጪው ልጄ?» ብለው ሲጠይቋት ሰማች። «እዚህ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሲል ነው፣ አክስቴ» አለች ዩራኒስ። ዴርሊ ያቺን ቁጥር እንደ ጠላት አድራሻ በልቧ ያዘቻት።

የካርሜኗ እመቤታችን በዓል ሲቃረብ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ቁርስ ላይ ሁሉንም ሰበሰቡ። ለበዓሉ እያንዳንዱ መጭመቂያ ቤት ፓኔላውን አደባባይ ላይ በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ያቀርባል፤ ሰውም እየዞረ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ድፍን ድምፅ ያለው ይሳቅበታል።

«የበዓሉን ሁለታችሁም አንድ አንድ ጎላ ታወጣላችሁ» አሉ። «የተሻለችው ጭልፋውን ትወስዳለች። ነገር አልፈልግም፣ ለቅሶም አልፈልግም።»

ዴርሊ አሬፓዋን፣ የበቆሎ ቂጣዋን፣ ከአፏ መለሰች። ያቺ አንገተ ረጅም ጭልፋውን ይዛ፣ ኤቤር «ይበቃል ወይ ዩራኒስ?» እያለ፣ እሷ እስከ ዕለተ ሞቷ አረፋ ስትገፍ ታያት። ዓይኗ ወደ ምድጃው ሄደ። የዩራኒስ ትንሽ ድስት እየተንተከተከች፣ ቴርሞሜትሩ ገላውን እየታጠበ ነበር። ዴርሊ ተነሥታ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየችው። ደግማ አየችው።

ከአራት ዓመት ትምህርት በጭንቅላቷ ውስጥ የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የብሔራዊ መዝሙሩ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ውሃ በመቶ ዲግሪ መፍላቱ።

«ስሙ! ሁላችሁም ስሙኝ!» ጮኸች። «ውሃ በስንት ነው የሚፈላው? ኤቤር፣ ተናገር!»

«በመቶ» አለ ኤቤር፣ አፉ በአሬፓ ተሞልቶ።

«ና እየው! ይሄ ውሃ እየፈላ ነው ወይስ አልፈላም?»

«ዘሎ ሊወጣ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

ኤቤር ጎንበስ አለ። «ዘጠና አራት።»

«ዘጠና አራት!» ዴርሊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረች። «ይሄ ነው እንግዲህ የተመካችሁበት! ስድስት ዲግሪ የሚዋሽ ውሸታም! ስንት ጊዜ አታላናለች! ታሟል እኮ ይሄ ነገር፣ ገላውን በየቀኑ ብታጥቢው አይድንም!»

ሽማግሌው ኔፍታሊ ሳቁ፣ ኤቤርም ሳቀ። ዴርሊ የኤቤርን ሳቅ እንደ ጠበል ጠጣችው።

ቁጥሮቹ የተጻፉት ከብርጭቆው ኋላ ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች ሰሌዳው ላይ ተይዟል። ዴርሊ የቢላ ጫፍ አምጥታ ብሎኖቹን ላላ ላላ አደረገች፤ ብርጭቆውን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ በሚፈላው ውሃ ውስጥ ልክ መቶ እስኪል ጠብቃ መልሳ አጠበቀችው።

«አዳንኩልሽ። ምስጋና አያስፈልግም።»

ዩራኒስ አየቻት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። «ብታነሺውም ብታወርጂውም ለኔ ያው ነው» አለችና ትንሿን ድስት እንደገና እሳት ላይ ጣደች።

«ሰማችሁ? ለሷ ያው ነው! ቢዋሽም እውነት ቢናገርም ግድ የላት!» አለች ዴርሊ። ያን ቀን እራቷን ሁለት ጊዜ በላች።

የውድድሩ ጠዋት ዴርሊ «ባለቤት እያለ እንግዳ አይቀድምም» ብላ የመጀመሪያውን ጎላ ያዘች። ጭማቂው ወፍሮ መንፈቅፈቅ ጀመረ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ጎላው አዘንብለዋል። ዴርሊ ጣቷን ነከረች፣ ላፍ አደረገች፣ መልሳ ነከረች። ስኳሩ ጣቷ ላይ ተለጠጠ። ገና ነው።

ቀና ስትል ቴርሞሜትሩን ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ አየችው። በእጇ አዳነችው አይደል? እንግዲያው የዩራኒስ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በጣት ብታሸንፍ «ዕድል ነው» ይሏታል፤ ሽማግሌው ኔፍታሊም ስለ በቅሏቸው ያወራሉ። በገዛ ዕቃዋ ብታሸንፋት ግን ያቺ አንገት ምን ላይ ልትደፋ ነው? ያኔ ቴርሞሜትሩ በሽተኛ ነበር፤ አሁን ጤነኛ ነው። በጤነኛ ቴርሞሜትር በራሷ ቁጥር ያወጣ ሰው ከሷ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ዴርሊ ሐሳቡ ስለጣማት ከንፈሯን ላሰች።

«ኤቤር፣ ያንን አቀብለኝ።»

«አንቺ? ቴርሞሜትር?»

«አቀብለኝ አልኩህ!»

ዩራኒስ ከማዶ ፈጠን ብላ መጣች። «ዴርሊ፣ ቁጥሩ እኮ...»

«አትምከሪኝ! ቁጥሩን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ።»

ዩራኒስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዴርሊ ቴርሞሜትሩን ሰድዳ ዓይኗን ተከለችበት። መቶ አሥር። መቶ አሥራ አምስት። ለማንኛውም ብላ ጣቷን ደግማ ነከረች። ስኳሩ አሁንም ተለጠጠ፤ ቀጭ አላለም። ጣቷ «ገና ነው» አላት፤ እንደ ንጋት ጥርት አድርጎ ነገራት። እሷ ግን ቁጥሩን አየች። መቶ አሥራ ዘጠኝ።

«አውጡት!»

ኤቤር አመነታ። «ቀጠን አላለም?»

«አውጣ ስልህ!»

ወጣ፣ ተፈሰሰ፣ በቅርጾቹ ሞላ። ዴርሊ ላቧን ጠርጋ፣ የዩራኒስን ተራ ለማየት ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

ዩራኒስ ጣት አልነከረች፣ ቃል አልተነፈሰች። ቴርሞሜትሩን ሰድዳ ዝም ብላ ታየዋለች። ዴርሊ ከትከሻዋ በላይ አሾለከች። መቶ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ዩራኒስ አልተንቀሳቀሰችም። መቶ ሃያ። መቶ ሃያ ሁለት። የዴርሊ ፊት እንደ ፀሐይ በራ።

«ማድሪና! ረስታዋለች! የራሷን ቁጥር ረስታ እያሳረረችው ነው! ሸተተዎት?»

«አልሸተተኝም» አሉ ዶኛ ኤርሜሊንዳ። «ተያት።»

«ኧረ ከሰል ሆነ! አባባ ኔፍታሊ፣ ለምድጃዎ ከሰል እያመረተችልዎ ነው!»

መቶ ሃያ አምስት ላይ ዩራኒስ እጇን አነሣች፤ ኤቤርም ቁጥሩን ጮክ ብሎ አንብቦ አወጣው። ዴርሊ በሆዷ እየዘመረች ጓራፖዋን፣ የአገዳ ጭማቂዋን፣ ቀድታ በቁሟ ጠጣች። ከኔፍታሊ በቅሎ ጋር ሳይቀር ተጫወተች።

ሁለቱም ፓኔላ እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ከዚያ ኤቤር የዴርሊን ቅርጽ ፈታ። የመጀመሪያው ቁራጭ ለጥቂት ጊዜ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆመና፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ወገን ዘመም አለ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሁለተኛውም ተኛ። ሦስተኛው ከቅርጹ ሳይወጣ መፍሰስ ጀመረ፤ ንቦችም መጡ።

ኤቤር የዩራኒስን ፈታ። መንትዮቹ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ተነሥተው በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ድምፁ እንደ ደወል ጥርት አለ። ወደ ዴርሊ ፓኔላ ሄደው ሊያንኳኩ ሲሉ ጣታቸው ገባ።

«ለአሬፓ ግን ጥሩ ነው» አሉ ሽማግሌው ኔፍታሊ፣ እየላሱ።

«ዋሽቶኝ ነው!» ዴርሊ ጮኸች። «ይሄ ውሸታም ዕቃ ነው! በሷ ቁጥር ነው ያወጣሁት! ለሷ ሌላ፣ ለኔ ሌላ ይናገራል!»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔም አልገባኝም። ያኔ በመቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ዛሬ በመቶ ሃያ አምስት። እንዴት ነው?»

ዩራኒስ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ረጅም ነገር ተናግራ አታውቅም። «እኔ እሱን ‹እውነት ስንት ነው?› ብዬ አልጠይቀውም፣ አክስቴ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲፈላ ስንት እንደሚል አያለሁ፤ ከዚያ ሃያ አምስት እቆጥራለሁ። ባሕሩ ጋ ውሃ ሲፈላ መቶ ይላል። እዚህ ዘጠና አራት ይል ነበር። ዴርሊ ገፋችውና መቶ አለ፤ እኔም ከመቶ ጀመርኩ። ሁልጊዜ እኩል እስከሳተ ድረስ መሳቱ አያስቸግርም።»

«ውሃ'ማ እዚህም እዚያም ውሃ ነው!» አለች ዴርሊ።

«ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። ሙቀቱ መቶ ሳይደርስ።»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ግንባራቸውን መታ አደረጉ። «ለዚህ ነዋ! እህቴ ጋ ቆላ ስወርድ ባቄላው መቁጠሪያዬን ደግሜ ሳልጨርስ ይበስላል፤ እዚህ ግን ሲንተከተክ ውሎ ጥርስ ይሰብራል። እኔ ባቄላውን ስረግም ኖርኩ!» ከዚያ የሞራ ዓይናቸውን ወደ ዴርሊ አዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንቺስ? ጣትሽ ምን አለሽ?»

የዴርሊ ጣት «ገና ነው» ብሏት ነበር። በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት አጥርቶ ነግሯት አያውቅም፤ እሷ ደግሞ በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት ንቃው አታውቅም። ይህን ብትናገር ምን ልትሆን ነው? ሰው ሁሉ ያያታል። ኤቤር ያያታል።

«ምንም አላለኝም» አለች።

አሮጊቷ ጭልፋውን ከምሰሶው አንሥተው ለዩራኒስ ሰጧት።

ዴርሊ በዓሉን ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። የአደባባዩ ርችት ከተራራው ማዶ ሲፈነዳ እያንዳንዱን ለዩራኒስ የተተኮሰ አድርጋ ቆጠረችው። ኤቤር ሲመለስ ትንሽ የወረቀት ሰንደቅ አመጣላት፤ «ሰዉ ሁሉ ስላንቺ ጠየቀ» አላት። «ምን አልካቸው?» «ማር ማምረት ጀምራለች አልኳቸው።» ሰንደቋን ቀዳ ጣለችበት።

ሲነጋ ግን ንግግር አዘጋጅታ ነበር። ተኝታ ሳለች አሳመረችው፤ ፊቷን ስትታጠብ ደገመችው። ጭልፋው የተወሰደባት ሳይሆን የለቀቀችው ይመስል ዘንድ፣ ትልቅ ሴት ትሆናለች። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ወደ መጭመቂያ ቤቱ ገባች። ዩራኒስ ከትንሿ ድስት ፊት ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ኔፍታሊና ኤቤር ሥራቸውን አቁመው አዩ። ዴርሊ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆመች፤ ያ ቦታ ያምርባታል።

«ዩራኒስ፣ አስቤበታለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አንቺም እናት የለሽ፣ አገርሽም ሩቅ ነው። እኔ ሆደ ሰፊ ነኝ። ቂም አልያዝኩብሽም። ዘንድሮ ጎላውን ፈቅጄልሻለሁ። ስትሳሳቺ ግን አትፈሪ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ...»

«ከመስኮቱ ዞር በይ» አለች ዩራኒስ፣ ዓይኗን ከቴርሞሜትሩ ሳትነቅል። «ቁጥሩን ጋረድሽብኝ።»